ማር ያልተቀባው ዋንጫ

ሰው ሁሉ ከራሱ ጉድጓድ ብቻ የሚጠጣበት አንድ አገር ነበረ። «የት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ከደጁ ይውጣና የመጀመሪያውን መንገደኛ «እንዴት አደርክ?» ይበለው። መልሱን ሰምቶ ሲያበቃ እኔን መጠየቁ ይቀራል።

በዚያ አገር ሕፃን ሲወለድ በግቢው ጥግ አንዲት ጉድጓድ ትቆፈርለታለች። ጉድጓዷ ከልጁ ጋር ታድጋለች፤ ውሃዋን እሱ ብቻ ይጠጣል፣ ጣዕሟንም እሱ ብቻ ያውቃል። የሌላውን ሰው ውሃ መቅመስ እጅግ የከፋ ነውር ነበር። ሰዎች ሲገናኙ «ውሃው እንዴት አደረ?» ይባባላሉ። መልሱ አንድ ነው፤ «ጣፋጭ ነው፣ ይመስገን» ነው። ከቀብር የሚመለስም፣ ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ትዳሩ የፈረሰበትም «ጣፋጭ ነው፣ ይመስገን» ብሎ ያልፋል። መራራ የሚለው ቃል ለኮሶና ለሬት ብቻ የተፈቀደ ነበር።

ውሃ ግን ሕግ አያውቅም። አንዳንዱ ጉድጓድ ቅጠል ይረግፍበትና ይበሰብሳል፣ አንዳንዱ በደለል ይሞላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ ይመራል። የደግ ሰውም ይመራል፣ የባለጸጋም ይመራል። የመረረበት ሰው ከላይ ማር ይበጠብጥበታል፤ ያም ካልሆነ ውሃውን ትቶ በአረቄ ይሰነብታል። ቸግሮት ሽማግሌ ያማከረ እንደሆነ «ወንድ አይደለህም እንዴ? ዋጠው!» ይባላል። ሴት ከሆነች «ልጆችሽን እያየሽ ቻይው እንጂ» ትባላለች። ምክሩ በዚሁ ያበቃል።

መንግሥቱ ስለዚህ ነገር ምንም አላደረገም ብሎ ማማት ግን ግፍ ነው። ሁለት ታላላቅ ሹሞች ነበሩት።

አንደኛው ቀማሹ አዛዥ ወንድይፍራው ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር በነጋሪትና በጥላ ታጅቦ በየግቢው ይዞራል፣ ከየጉድጓዱ በቀንድ ዋንጫ ይቀምሳል፣ «ጣፋጭ!» ብሎ ያውጃል፣ እልልታው ይቀልጣል። የዋንጫው ውስጥ ግን ገና ከመቀመሱ በፊት ማር ይቀባል። ይህም በሕግ ነው። «የቀማሹ ምላስ የንጉሡ ምላስ ነው፤ የንጉሥ ምላስ አይቀየምም» ይላል ሕጉ። እንዲህ ስለሆነ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በዚያ አገር አንድም መራራ ጉድጓድ ተገኝቶ አያውቅም። ጎረቤት ነገሥታት ይቀኑበት ነበር ይባላል።

ሁለተኛው ሹም ጩኸት አድማጩ ባሻ ጥጋቡ ነበር። ሥራው ማማ ላይ ተቀምጦ ማድመጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ያደምጣል። ከአንድ ጉድጓድ አፍ ሦስት ጊዜ ኡኡታ ከተሰማ ደወሉን ይመታል። ደወሉ ሲመታ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩት ጉድጓድ ጠራጊዎች እንዲሻገሩ ይፈቀድላቸዋል። ኡኡ የሚባለው መቼ ነው ቢሉ፣ ባለጉድጓዱ ከገዛ ጉድጓዱ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ነው። ጠራጊዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ቃሬዛ ተሸክመው ይመጣሉ። ስለዚህ ሰው «ጠራጊ የገባበት ቤት ነፍስ አይተርፍም» እያለ ይፈራቸው ነበር፤ ልጅ ሲያለቅስ በእነሱ ያስፈራሩታል።

የአዛዡን ዋንጫ ማር የምትቀባው ደብሪቱ የምትባል ሴት ናት። ሹመቱ ከእናቷ ወረደላት። ማሩን ሳታበዛ ሳታሳንስ በአውራ ጣቷ አዙራ ስትቀባ ለሚያያት ሥራ ሳይሆን ጸሎት ይመስላል። ሰው ያከብራት ነበር፤ እሷም መከበሩን አትጠላም።

ነገር ግን ደብሪቱ ለማንም ያልነገረችው አንድ ጣዕም በአፏ ነበረ። ገና ልጅ ሳለች አባቷ ጠጥቶ ያስተረፈውን ውሃ ሳታውቅ ተጎነጨችው። ምላሷ ተኮማተረ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷ አየቻትና አፏን በጥፊ አለቻት። «ጣፋጭ ነው በይ!» አለቻት። ደብሪቱም አለች። በዚያው ዓመት የያኔው ቀማሽ መጣ፣ እናቷ ዋንጫውን ቀባች፣ የአባቷ ጉድጓድ «ጣፋጭ!» ተባለ፤ ደብሪቱም ከሴቶቹ ጋር እልል አለች። የሚቀጥለው ዝናብ ሳይጥል ከዚያ ግቢ ኡኡታ ተሰማ፣ ጠራጊዎች ቃሬዛቸውን ይዘው መጡ።

ደብሪቱ አንድ ወንድም አላት። አጥናፉ ይባላል፣ ኮርቻ ሠሪ ነው። ከኮርቻው ይልቅ በቀልዱ ይታወቃል፤ አጥናፉ የሌለበት ሰርግ ጨው የሌለው ወጥ ነው ይሉ ነበር። ያን ዓመት ክረምቱ ሲጋመስ ግን ኮርቻዎቹ በጅምር መቅረት ጀመሩ። አጥናፉ ረፋድ ድረስ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሲያነጋግሩት ዘግይቶ ይሰማል። ሰርግ ቢጠሩት አይሄድም፤ የሄደ ቀንም ሰው ሳይስቅ ብቻውን ይስቅና ድንገት ያቆማል። ሰነፈ አሉት። ጠገበ አሉት። ዓይነ ጥላ ነው ያሉም ነበሩ። ደብሪቱ ራሷ «ሚስት ያስፈልገዋል» ትል ነበር፤ እንዲህ ማለቱ ይቀላልና።

አንድ ቀን ሌላው ኮርቻ ሠሪ፣ የአጥናፉ ተፎካካሪ፣ ደጇ መጣ። ፊቱ ግራ የተጋባ ነበር።

«ደብሪቱ፣ ወንድምሽ ምን ሆነ? ወስፌውን ሰጠኝ እኮ።»

«ሸጠልህ?»

«እንዲያው ሰጠኝ። ለአንተ ይሁንህ ብሎ። እኔ እሱን ስጠላው የኖርኩ ሰው ነኝ!»

ደብሪቱ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትደርብ ወንድሟ ግቢ ደረሰች። አጥናፉ ጉድጓዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ውሃው እንዴት አደረ?» አለችው እንደ ወጉ።

«ጣፋጭ ነው፣ ይመስገን።»

«ወስፌህን ለምን ሰጠህ?»

«ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል፣ እታለም?»

ይህን ሲል ድምፁ የአባታቸው ድምፅ መሰላት። ደብሪቱ ቅሉን አነሳች፣ ከጉድጓዱ ቀዳች፣ እያያት ጠጣች።

«እታለም! አብደሻል እንዴ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። አጥናፉ እንዲያ ፈጥኖ ሲነሳ ካየችው ቆይታለች።

ያው ጣዕም ነው። አልተፋችውም፤ ዋጠችውና አፏን ጠረገች።

«መራራ ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሁለቱም ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንጃ። መጀመሪያ ጎመዘዘ፤ ያልፋል አልኩ። ማር ጨመርኩበት፣ ማሩም አብሮ መረረ። ሰው ሲስቅ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። መነሳት አቃተኝ። ስንፍና አይደለም እታለም፣ እመኚኝ።»

«አምንሃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። እንደ አባባ ጉድጓዱ ውስጥ ልትገባ አስበሃል?»

አጥናፉ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተመለከተ። «አንዳንዴ ጫፉ ላይ እቀመጥና ወደ ታች አያለሁ» አለ በመጨረሻ። «እዚያ ታች ጸጥ ያለ ይመስላል።»

ደብሪቱ ፈራች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ቢሆንም ፍርሃቷን ዋጠችና እጁን ያዘች።

«እሺ። ነገርከኝ፤ ደግ አደረግህ። ከእንግዲህ ብቻህን አትሆንም። ጋቢህን ያዝ፣ እኔ ቤት እንኖራለን። ውሃም ከእኔ ትጠጣለህ።»

«የሰው ውሃ?»

«የእህትህን ውሃ። አንድ ጊዜ ጣፋጭ ነው በይ ብለውኝ ብያለሁ። ሁለተኛ አልልም።»

የጉድጓዱን አፍ በሳንቃ ከደኑት፤ በላዩ ድንጋይ ጫኑበት። ወንድሟን ከጎረቤቷ ከእትዬ አስካለ ጋር አስቀምጣ ወንዙን ተሻገረች። ባለጉድጓድ ወደ ማዶ እንዳይሻገር የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ማንም በእግሩ ይሄዳል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ አልተከለከለም። የጠራጊዎቹ አለቃ አያ ድልነሳ ዛፍ ሥር ገመድ ይገምዳል።

«አያ ድልነሳ፣ ውሃ የመረረው ወንድም አለኝ።»

«ነፍስ ይማር» አለ ቀና ሳይል። «ቃሬዛ ይዘን እንመጣለን።»

«በሕይወት አለ።»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት፣ አሁንም አያት።

«በሕይወት አለ? ቆሞ ይሄዳል? ይናገራል?» ሲል ጠየቃት። «ልጄ፣ በዚህ ሥራ አረጀሁ፤ በሕይወት ስላለ ሰው ተጠርቼ አላውቅም። ደለል እኮ ሳይጠጥር ከደረሱበት ይጠረጋል። ሁሉም ይድናል አልልሽም፤ ብዙው ግን ይጠረጋል። እናንተ የምትጠሩን ካበቃ በኋላ ነው። ከዚያ ነፍስ አያስተርፉም ትሉናላችሁ። ጎጆው አመድ ከሆነ በኋላ እሳት አጥፉ የተባለ ሰው ምን ያድርግ?»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይሻገሩ።»

«ደወል ሳይመታ የተሻገረ ጠራጊ ገመዱ ይቃጠልበታል። ገመድ የሌለው ጠራጊ ደግሞ ለወንድምሽ ምን ይረባዋል? አንቺ ደወሉን አስመቺልኝ እንጂ እኔ በሩጫ ነው የምመጣው።»

ደብሪቱ ከወንዙ በቀጥታ ወደ ማማው ወጣች። ባሻ ጥጋቡ አንድ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ተኝቷል፤ ጆሮው በሥራ ብዛት እንዳይጎዳበት ነው።

«ባሻ፣ ወንድሜ ውሃው መሮበታል። ደወሉን ይምቱልኝ።»

«ጮኋል?»

«አልጮኸም።»

«ታዲያ ምን ልስማ? ሲጮህ ተመለሺ።»

«ሲጮህማ እርስዎ ምን ያደርጉልኛል?»

ባሻ ተቆጣ። ተነስቶ ካባውን አስተካከለና ሕጉን በቃሉ አነበነበላት። «ወይ ቀማሹ መራራ ብሎ ያውጃል፤ ወይ ከጉድጓዱ አፍ ሦስት ጊዜ ኡኡታ ይሰማል። ከዚህ ውጪ ደወል የለም!»

«ባለጉድጓዱ መሞት አለበት ይላል?»

ባሻ ሕጉን እንደገና ለራሱ አንበለበለው። «ይህን እንኳ አይልም» አለ ቅር እያለው። «ግን ሰው ሳይሞት ማን ኡኡ ይላል? በቁም ሰው ላይ ኡኡ ማለት እኮ ሟርት ነው!»

ደብሪቱም ሟርት መሆኑን ታውቅ ነበር። ስለዚህ አስቀድማ ቀናውን መንገድ ልትሞክር ቆረጠች። የቅምሻው በዓል ደርሶ ነበርና።

በበዓሉ ቀን ነጋሪቱ ተጎሰመ፣ ጥላው ተዘረጋ፣ አዛዥ ወንድይፍራው ከግቢ ግቢ እየዞረ «ጣፋጭ!» አለ። ደብሪቱም በየግቢው እንደ ልማዷ ቀባች። አጥናፉ ግቢ ሲደርሱ ግን ድንጋዩን አንስታ፣ ሳንቃውን ገለጥ አድርጋ፣ ዋንጫውን በነጠላዋ ጫፍ አጥርታ ወለወለች። የማሩን ድስት አልከፈተችም። ውሃውን ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበች።

አዛዡ እንደ ልማዱ አንዴ ተጎነጨ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ሪዙ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ለእልልታ አፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

«ደብሪቱ፣ ማሩ የታለ?» አለ በሹክሹክታ።

«ዛሬ ውሃውን ይቅመሱ ብዬ ነው፣ ጌታዬ። አንድ ቃል ብቻ እለምንዎታለሁ። መራራ ነው ይበሉ። ወንድሜ ገና በሕይወት አለ።»

አዛዡ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን አጥናፉን አየው። ለአፍታ ቃሉን ሊለው የፈለገ መሰላት። ከዚያ ነጋሪት መቺዎቹን አየ፣ ጥላውን አየ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጣ... ጣፋጭ!» አለና ሳል አጣደፈው። ዋንጫው ከእጁ ወደቀ። ግማሹ ሰው እልል አለ፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተያየ።

ደብሪቱን ያ የእናቷ ጥፊ አፏ ላይ ዳግም አቃጠላት። ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደች። በአገሩ ሴት ሐዘን ሲደርስባት እንደምታደርገው ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ወንድሟ ግን እዚያው ቆሞ ያያታል።

«ኡኡ!» አለች።

ግቢው ተናወጠ። «ሟርተኛ! በቁሙ ታለቅስበታለች!» እያሉ ጮኹባት።

«ሟርትስ ዝም ማለት ነው! ኡኡ! ወንድሜን ድረሱልኝ! ሳይሞት ድረሱልኝ!»

ሦስተኛውን ልትል ስትል የአዛዡ ወታደር ከኋላዋ መጥቶ አፏን በመዳፉ አፈነው። ታገለችው፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። አንድ ኡኡታ ጎደለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ አስካለ የወደቀውን ዋንጫ አንስታ ይዛ ቆማ ነበር። እትዬ አስካለ ልጆቿን ሁሉ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ በሰፈሩ «የታደለች» የምትባል ሴት ናት። ምን እንዳሰበች ማንም አያውቅም፤ ዋንጫው ውስጥ የቀረችውን ጠብታ ወደ ምላሷ አደረገች። ሲያዩዋት ፊቷ አልተኮማተረም። ቀስ ብላ እንባዋ ወረደ።

«እናንተ ሰዎች» አለች። «ይሄ እኮ የእኔው ውሃ ነው። ስንት ዘመን የእኔ ብቻ መስሎኝ!»

ወደ ጉድጓዱ አፍ ጠጋ አለችና ሦስተኛውን ኡኡታ እሷ አለችው። ከዚህ በኋላ ማን እንደጮኸና ስንት ጊዜ እንደተጮኸ የቆጠረ የለም። ባሻ ጥጋቡ ጥጡን ከጆሮው ነቅሎ ጣለና ደወሉን መታው።

ጠራጊዎቹ ቃሬዛቸውን ተሸክመው እየሮጡ ደረሱ። አያ ድልነሳ እንደ ሥርዓቱ አንገቱን ደፍቶ «ነፍስ ይማር። አስከሬኑ የቱ ነው?» ሲል ጠየቀ።

 አጥናፉ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትንሽ ቀደማችሁኝ።»

አንድ ሰው ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ፣ ግቢው በሳቅ ሞላ፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ። አያ ድልነሳ ቃሬዛውን መሬት አስቀመጠና የገመዱን ጫፍ አጥናፉ እጅ ላይ ጠመጠመለት።

«እንግዲያው ያዝ፣ ልጄ። የምንወርደው እኛ ነን፤ ገመዱን የምትይዘው ግን አንተ ነህ። ሲደክምህ እህትህ ታግዝሃለች።»

ያን ቀን በቃሬዛው ሬሳ ሳይሆን ደለል ተጋዘበት። ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። ደወሉ አንዴ ተመትቷልና ጠራጊዎቹ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ውሃው ጠራ ሲባል ይደፈርሳል፤ አጥናፉም ገመዱን ጥሎ «ተዉኝ» ያለባቸው ቀኖች ነበሩ። እንዲህ ባለው ቀን ደብሪቱና እትዬ አስካለ ገመዱን ይዘው ይጠብቁታል፤ ጎረቤትም ከየጉድጓዱ በማሰሮ ውሃ ያመጣለታል። የሚጠላው ያ ተፎካካሪውም ውሃ ይዞ መጣ፤ ወስፌውንም መለሰለት። ጠራጊዎቹ ሊሄዱ ሲሉ አያ ድልነሳ «ጎመዘዘኝ ብለህ ጥራን እንጂ መረረኝ እስክትል አትጠብቅ» አለው።

ደብሪቱ ከማር ቀቢነቷ ተሻረች። ድስቱን ወታደር መጥቶ ወሰደው። መንገድ ላይ ፊታቸውን የሚያዞሩባት ነበሩ፤ በጓሮ በኩል መጥተው «እንዲያው ለሰው ነው የምጠይቀው፣ ጠራጊዎቹ እንዴት ናቸው?» የሚሏትም ነበሩ። ለሁሉም ታስረዳለች፤ ለማን እንደሆነ ግን አትጠይቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጥናፉ ደጃፉ ላይ ኮርቻ ሲሰፋ፣ ደብሪቱም አጠገቡ ጥጥ ስታባዝት፣ አንድ ሰው ያለ ነጋሪትና ያለ ጥላ በእግሩ መጣ። አዛዥ ወንድይፍራው ነው። የቀንድ ዋንጫውን በካባው ሥር ይዟል። ደብሪቱ ቂሟ አልወጣላትም ነበር፤ ሆኖም ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

«ውሃው እንዴት አደረ፣ ጌታዬ?» አለችው።

«ጣ...» አለ አዛዡ፤ ምላሱ ለምዶት ነው። ቃሉን ሳይጨርሰው ቆመ። ዋንጫውን አውጥቶ አሳያት፤ ውስጡ ደረቅ ነበር፣ ማር አልነካውም።

«የራሴን ውሃ ያለ ማር ጠጥቼው አላውቅም ነበር» አለ። «የወንድምሽን ከቀመስኩ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣሁና ዛሬ ቀመስኩት።» ግራ ቀኝ አየ፤ ቀጥሎ ግን ማንም ይስማ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጎመዘዘኝ፣ ደብሪቱ።»

ደብሪቱ ቂሟን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋት። ወደ ወንድሟ ዞረች። አጥናፉ ወስፌውን ኮርቻው ላይ ሰክቶ፣ ጠራጊዎቹ የተዉለትን ገመድ ከግድግዳው አውርዶ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ወደ አዛዡ ቤት በሚወስደው መንገድ ከፊታቸው መሄድ ጀምሮ ነበር።